ማዕዘን ያለው ኮረብታ

ከአምቦ ወዲያ ያለችውን ሸነንን በዐይኔ ከማየቴ ከሁለት ወር በፊት ድሬዳዋ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሥያት ነበር። ሥራዬ ካርታ መሥራት ነው። ሳተላይት ከላይ ሆኖ የለካውን የመሬት ከፍታ ኮምፒውተሬ ላይ እጭናለሁ፤ ፕሮግራሙ ከዚያ ሁሉ ቁጥር ውስጥ ኮንቱር ያወጣልኛል። ኮንቱር ማለት እኩል ከፍታ ላይ ያሉ ቦታዎችን የሚያያይዝ መስመር ነው። ኩሬ እየደረቀ ሲወርድ ዳር ዳሩን የሚተወውን የጭቃ ምልክት አስቡት። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደል ነው፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው፣ ዞረው ሲገጥሙ አብዛኛውን ጊዜ ኮረብታ ነው።

የአንድ የውሃ ፕሮጀክት ሰዎች ከሸነን በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ወደሚርቅ ጤና ኬላ የምንጭ ውሃ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ብቻ፣ ይደርስ እንደሆነ ጠየቁኝ። ኮንቱሩን አወጣሁ። በምንጩና በጤና ኬላው መካከል ግራና ቀኙ ገደል የሆነ ጠባብ የመሬት አንገት አለ፤ ቧንቧው የግድ በዚያ ማለፍ አለበት። አንገቱ ላይ ሦስት የገጠሙ መስመሮች ወጡ፤ ከምንጩ ከፍ ያለ ኮረብታ ማለት ነው። ውሃ ሽቅብ አይሄድም። «በራሱ አይደርስም» ብዬ ጻፍኩና ቁርሴን በላሁ። ጤና ኬላው ውሃ ከሚገባላቸው ቦታዎች ዝርዝር ወጣ።

ሁለት ወር ቆይቶ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። «ባለሙያዋ ያሉት ኮረብታ እኛ ዘንድ የለም። መጥተው ያሳዩን» ይላል። አለቃዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ሰኞ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ የተረፈውን ቧንቧ ሌላ ቦታ ሊወስዱት ነው። እስከዚያ ወይ ኮረብታውን አሳዪያቸው ወይ ስሕተትሽን አስረጂኝ» አለኝ። ከብት ጠፋ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ኮረብታ ጠፋ ሲባል ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔም ናፍቄ አልሄድኩም፤ መስመሬ ስለተነካ ተናድጄ ነው የሄድኩት። እናንተ የድሬ ጎረቤቶቼ በዚያ በኩል ጉዳይ ስለማይኖራችሁ፣ ያየሁትንና ግራ የገባኝን በየቀኑ ከፍዬ እጽፍላችኋለሁ።

ማክሰኞ

በማለዳው አውቶቡስ ወጣሁ። መንገዱን ስለምታውቁት አላደክማችሁም። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ እንደ ልማዴ ጆሮዬ ተደፈነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ከፍታ የማውቀው በጆሮዬና በኮምፒውተሬ በኩል ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ስገባ መሽቶ ነበር፤ እህቴ ቤት አደርኩ።

ረቡዕ

ከአስኮ መናኸሪያ የአምቦ ሚኒባስ ያዝኩ። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን እያልን ሄድን። ጊንጪ ላይ ረዳቱ ዕቃ እስኪጭን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ በላሁ። ከከተማው ወጣ ሲሉ እስከ ዐይን ጥግ ጤፍና ስንዴ ነው፤ በየመሀሉ ውሃ የሚሄድበት ወንዝ ያጋጥማል። እውነተኛ ውሃ ነው የምላችሁ። ለእኛ ወንዝ ማለት እንደ ደቻቱ አሸዋ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን መጥቶ አጥር ይዞ የሚሄድ። እዚህ ግን ሰው ከወንዙ ዳር ተቀምጦ ልብስ ያጥባል፣ ማንም አይገረምም። ይህ ሁሉ ውሃ ያለበት አገር የውሃ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት የሚለማመጠው ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አምቦ ሹራብ ሳልይዝ ደረስኩ። እኛ ሆዳችን ሲነፋ ከሱቅ የምናስመጣው ውሃ እዚህ ከመሬት ነው የሚወጣው፤ የፔንሲዮኑ አስተናጋጅ ስትሰጠኝ ግን ከሱቅ እንደመጣው በጠርሙስ ነው። የጾም በየዓይነቱ በላሁና ክፍሌ ገብቼ ስልኬን ከፍታ ጠየቅኩት። አንድ ቁጥር ሰጠኝ። አልጋው ላይ ሳልነቃነቅ ድጋሚ ብጠይቀው ሃያ ሜትር ወረድኩ። ሦስተኛ ስጠይቀው ከመጀመሪያውም በላይ ወጣሁ። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ሳስብ፣ አልጋዬ የት እንዳለ የማላውቅ ሰው የሰው ኮረብታ አለ የለም ብዬ ልከራከር መምጣቴ አሳፈረኝ።

ሐሙስ

ደብዳቤውን የጻፈው የወረዳው ውሃ ባለሙያ ጉደር ላይ ጠበቀኝ። ኦቦ ጉተማ ይባላል፤ ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከመናገሩ በፊት ፈገግ የሚል ሰው ነው። እኔ እንደ አገሬ ልማድ «አንተ ነህ ደብዳቤውን የጻፍከው?» አልኩት። ወደ ሸነን የሚሄደው መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እናንተ ታውቃላችሁ፣ ድሬ ውስጥ ሽማግሌውም አንተ፣ ዳኛውም አንተ ነው። እዚህ ግን ኦቦ ጉተማን አንተ የሚለው ሰው የሞተ አባቱ ብቻ ነበር መሰለኝ።

«ይቅርታ ኦቦ፣ እርስዎ ማለቴ ነው» አልኩ።

«ግድ የለም አዴ ሮማን። ድሬዎች ልባቸው ቅርብ ነው ይባላል» አለኝ።

ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ነጭ ላስቲክ ቱቦ አንግቷል። ግንበኞች የቤት ወለል ለማስተካከል ውሃ የሚሞሉት፣ ውስጡ የሚታይ ዓይነት ነው። ምን ያደርግልዎታል ብዬ ብጠይቀው «የእኔ ሳተላይት ነው» አለኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ ግን ከነከነኝ። ሲሳለቅብኝ ይሁን ሲያጫውተኝ መለየት አልቻልኩም።

ከጉደር ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። በሁለተኛው የሹራብ ምትክ ያደረግሁት ነጠላ ጭቃ ገባ። የማላውቃት የጤፍ ነጋዴ ከዕቃዋ ውስጥ ጋቢ አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችና ሸነን ስንደርስ «ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ» ብላ ስሟን እንኳ ሳትነግረኝ ሄደች። የኦሮምኛው ሰላምታ ብቻ ትንሽ አሸነፈኝ። እኛም ኦሮምኛ እንችላለን ብለን እንኮራለን፤ የእኛ ሰላምታ ግን ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ያጥራል። እዚህ ከብቱም፣ ልጁም፣ ሌሊቱም፣ ዝናቡም በተራ ይጠየቃል፤ አሁን አለቀ ብዬ እጄን ስስብ እንደገና ይጀመራል።

ዓርብ

በማለዳ ከኦቦ ጉተማ ጋር በእግር ወጣን። ምንጩ ጋ ደረስን፤ ከድንጋይ ሥር እጅ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ከዚያ ወደ አንገቱ ሄድን። ካርታዬን ይዤ ኮረብታው ያለበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ሣርና የታጨደ ገብስ ነው። ኮረብታ የለም። ወደ ፊት ተራመድኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ዞርኩ። ኮረብታ የለም። ይባስ ብሎ፣ ወደ ጤና ኬላው ፊቴን ሳዞር መሬቱ ከፍ የሚል ይመስለኛል፤ ወደ ምንጩ ስዞርም ከፍ የሚል ይመስለኛል።

«ይወጣል ወይስ ይወርዳል ኦቦ ጉተማ?»

«ለውሃ ይወርዳል። ለዐይን ግን እንጃ» አለኝ።

ይህን እያሰብኩ ስራመድ እግሬ ሣር ውስጥ ከተደበቀ ጉቶ ጋር ተጋጨና ወደቅሁ። የጫማዬ አፍ ተከፈተ፣ የአውራ ጣቴ ጥፍር ተነሣ። ጉቶውንም አገሩንም ረገምኩ። ኦቦ ጉተማ ደግፎ ጤና ኬላው አደረሰኝ።

ጤና ኬላው ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ የተሠራ ሁለት ክፍል ነው። በሩ ላይ አምስት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ፤ የአምስቱም እግር ሥር ቢጫ ጀሪካን አለ። ገበያ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ጀሪካኑ እንደ መታከሚያ ካርድ መሆኑን የነገረችኝ ሲስተር አስቴር ናት፣ የጤና ባለሙያዋ፤ «ታካሚ ውሃውን ይዞ ነው የሚመጣው። ያልያዘን ቁስሉን በምን አጥብለታለሁ?» አለችኝ። ከዚያ ጣቴን አየችና ከሴቶቹ አንዷን አነጋገረች። ሴትየዋ፣ ልጅ ያዘለች፣ ጀሪካኗን አንሥታ ለእኔ ጣት ቀዳችልኝ። «በራሱ አይደርስም» ብሎ የጻፈ ሰው በዚያ ውሃ ሲታጠብ ምን እንደሚሰማው እንዳትጠይቁኝ። አፈርኩ። ማን እንደሆንኩ ለሴትየዋ የነገራት ሰው አልነበረም፤ እኔም አልነገርኳትም።

የምናድረው አስቴር በተከራየችበት የአዴ ጫልቱ ግቢ ነው፤ ጤና ኬላው አጠገብ። አዴ ጫልቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀጠን ያሉ ባልቴት ናቸው። እሳቸውም አስቴርም ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ዓርብ አይጾሙም። እኔ እንደምጾም ሲሰሙ ቅቤ ያልነካው ድስት ከኦርቶዶክስ ጎረቤት ተውሰው ጎመንና ድንች ሠሩልኝ፤ ተልባም ጨመሩበት። ከእኔ ጋር ሆነው እርጎአቸውን ሳይነኩ ጎመኑን በሉ። ቤቴ ሳለሁ የምጾመው ብቻዬን ነው፤ ሰው አብሮኝ የጾመው በዚያ ቤት ነው።

ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ባትሪው ግማሽ ነው፤ የጤና ኬላው ሶላር ለክትባት ፍሪጅ ብቻ ስለሆነ መለመን አልደፈርኩም። ኮንቱሩን እንደ አዲስ አወጣሁ። በሃያ ሃያ ሜትር ሳወጣው አንገቱ ላይ ምንም የለም፣ ሜዳ ነው። በአምስት አምስት ሜትር ሳወጣው ኮረብታው ተመልሶ መጣ። በሁለት ሁለት ሜትር ሳወጣው መስመሩ ድመት እንደተጫወተችበት ክር ሆነ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ አገሩ አንድ ነው፣ እኔም አንዲት ነኝ፤ ሦስት ሸነን ወጣልኝ። ከሦስቱ የትኛው ላይ ጣቴን እንደቆሰልኩ አላውቅም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፕሮግራሙ መስመሮቹን የሚያለሰልስበት ምርጫ አለው። ሳተላይቱ መሬቱን በአራት ማዕዘን ቁራጭ እየከፈለ ለየቁራጩ አንድ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ጥሬው መስመር ሸካራ ነው፤ አለቆች አይወዱትም። እኔ ሁልጊዜ አለሰልሳለሁ፣ ለውበት። አጠፋሁት። ሌላው ቦታ መስመሩ እንደ ፍየል ጥርስ ተሸረፈ። አንገቱ ላይ ያሉት ሦስት መስመሮች ግን ቀጥ አሉ፤ ጎናቸው ቀጥ፣ ጥጋቸው ሹል። ኮረብታዬ አራት ማዕዘን ሆነ። አንደኛው ጥጉ ብቻ እንደ ተነከሰ ዳቦ ጎድሏል።

እግዜር ኮረብታ ሲሠራ ማዕዘን አያወጣለትም። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ኮምፒውተሩን ዘግቼ፣ አልጋዬን ግድግዳው ሥር አስጠግቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ኦቦ ጉተማ ቱቦውን ከምንጩ ውሃ ሞላው። አሠራሩ ይህ ነው፦ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን እንቆማለን፤ በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በያለንበት ከመሬት እስከ ውሃው በዱላ እንለካለን፤ ልዩነቱ መሬቱ የወረደው ነው። ይጽፋል። ሃያ ሜትር እንሄዳለን፤ እንደገና። አሰብኩና ሳቅሁ፤ ቱቦው የሚሠራው ያው ኮንቱር ነው፣ እኩል ከፍታ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን ማያያዝ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ አልኩ በልቤ። ጣቴ ስለሚያመኝ እያነከስኩ ነው የምሄደው፤ አንድ ጊዜም ቱቦውን ለቅቄው ውሃው ፈስሶ ከመጀመሪያው ጀምረናል። ኦቦ ጉተማ አልተቆጣኝም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ደመርን። ከምንጩ እስከ አንገቱ ዘጠኝ ሜትር ይወርዳል። ከአንገቱ እስከ ጤና ኬላው ደግሞ ገና ይወርዳል። ውሃው በራሱ ይደርሳል።

ኔትወርክ ያለበት ድንጋይ ላይ ወጥቼ ለአለቃዬ ደወልኩ። ደስ አላለውም።

«አንቺ ራስሽ በሳተላይት ኮረብታ አለ ብለሽ ፈርመሻል። አሁን ደግሞ በላስቲክ ቱቦ የለም ትያለሽ። የትኛውን ልመን?»

«ቱቦውን እመን።»

«ኮረብታው ምን እንደነበረ ሳትነግሪኝ አልችልም። የፕሮጀክቱ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።»

ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን ያንኑ እጠይቅ ነበር። ወደ ግቢው ተመለስኩና ጥላ ሥር ተቀምጬ ማዕዘን ያለውን ኮረብታ አፍጥጬ አየሁት። ባትሪው ሊያልቅ ነው። አዴ ጫልቱ ንፍሮ በሳህን ይዘው መጡና ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብለው አዩ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ይህ ምንጩ፣ ይህ ጤና ኬላው፣ ይህ ደግሞ ገደሉ ብዬ አሳየኋቸው። አራት ማዕዘኑ ላይ ስደርስ ጣታቸውን የጎደለው ጥግ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣

«ኩን ቦሶነ ዲንቃቲ» አሉ።

አጠገባችን የነበረችው አስቴር ልትተረጉምልኝ ነበር፤ ይህን ያህሉን ግን ድሬም እንሰማዋለን። ይህ የዲንቃ ጫካ ነው ማለታቸው ነው። ዲንቃ የሞቱት ባላቸው ናቸው።

«በዚህ ጥግ ድንጋይ ነበር» አሉ አዴ ጫልቱ አሁን በአማርኛ። «ሦስት ጊዜ ተክሎ ሦስት ጊዜ ደረቀበት። የቀረው ባሕር ዛፍ ግን በቁመቱ ወፍ አያሳይም ነበር። እንዴት እዚህ ሳጥን ውስጥ ገባ?»

ሳተላይቱ ይህን አገር ያነበበው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ከሰማይ ሲያየው መሬቱን አላየም፤ የዛፉን ጫፍ ነው ያየው፣ ጫፉንም መሬት ብሎ መዘገበው። እኔ ደግሞ ማዕዘኑን አለስልሼ ኮረብታ አስመሰልኩት። ትናንት የረገምኩት ጉቶ የኮረብታዬ ሥር ነበር።

«ጫካው የት ሄደ?» አልኳቸው።

አዴ ጫልቱ ጥያቄው የገረማቸው መሰለኝ። ተነሥተው ወደ ጤና ኬላው ሄዱ፤ እኔም እያነከስኩ ተከተልኳቸው። ጭቃው የረገፈበት ቦታ ላይ ከግድግዳው የሚታየውን ወፍራም እንጨት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ቀበሌው እንጨት አምጡ ሲል ሰው ሁሉ አንድ አንድ አመጣ። ዲንቃ ሁሉንም ሰጠ። ዛፍ ተመልሶ ይበቅላል፣ ሰው ግን በመንገድ ላይ ይሞታል አለ። የተረፈው የእኛ ቤት ሆነ፤ አንቺም ትናንት የተኛሽበት። ከዚያ ጉቶው እንደገና እንዳያቆጠቁጥ አቃጥሎት ገብስ ዘራበት።»

ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች ጀሪካናቸውን እንደያዙ ያዩናል። ውሃውን ከጤና ኬላው የከለከለው ኮረብታ ራሱ ጤና ኬላው ነበር። ሰውዬው ጫካውን ሰጠ፣ እኔ ደግሞ ጫካውን ቆጥሬ ውሃውን ነሣሁት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ነው። አለቀስኩ፤ አዴ ጫልቱ ጣቴ ያመመኝ መስሏቸው አስቴርን ጠሩ።

ኦቦ ጉተማ ቱቦውን እየጠቀለለ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለኝ። «ኮረብታሽ ይኸውልሽ፤ በይ አሁን ደውዪ» አለ።

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። አለቃዬ ነገሩን በዝርዝር ከሰማ በኋላ፣

«እሺ፣ ለኮሚቴው ኮረብታው የት ሄደ ልበል?» አለኝ።

«ግድግዳ ሆኗል በላቸው።»

ጉቶዎቹን ፎቶ አንሥቼ፣ የቱቦውን ልክ አያይዤ፣ ሸነን ከተማ ስገባ ላክሁለት።

እሑድና ሰኞ

እሑድ ለጤፍ ነጋዴዋ ጋቢዋን ልመልስ ሸነን ገበያ ዳር ብጠይቅ፣ ስሟን ስለማላውቅ አስር ሰው አስር ሴት ጠቆመኝ። ለኦቦ ጉተማ አደራ ሰጥቼው ተመለስኩ። ሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ ጤና ኬላው ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል።

አዴ ጫልቱ ስወጣ አንድ ነገር ለምነውኝ ነበር፤ ስሕተት የሆነውን ካርታ። የባላቸው ፎቶ የላቸውም፣ የጫካውም የላቸውም። ድሬ ስገባ ሳላለሰልስ፣ ከነጎደሎ ጥጉ፣ በትልቅ ወረቀት አትሜ ላክሁላቸው። አስቴር ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል ብላኛለች። ኮረብታው ኮረብታው ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው፤ ይህን ሳስበው አሁንም ይምታታብኛል።

እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሬ ፊት ቁጭ እላለሁ። አዲስ ሥራ ግን ገና አልተቀበልኩም። ባለፉት ዓመታት ያወጣኋቸውን ካርታዎች አንድ በአንድ እየከፈትኩ ማለስለሻውን አጠፋለሁ፤ «በራሱ አይደርስም» ብዬ የፈረምኩባቸውን ብቻ። ማዕዘን ያለው ኮረብታ ሳገኝ ወደዚያ ወረዳ እደውላለሁ። እስካሁን ሁለት አግኝቻለሁ። የአንደኛው ወረዳ ስልክ ገና አልተነሣም።